የሁለት ጎማ ጥያቄና መልስ፦ ፎርኩን ልቀይረው ወይስ ልፍታው?

ክረምቱ ወጣ፣ ጭቃው ደረቀ፣ ልጆቹም ከአስፋልት ወርደው የፍየል መንገድ ጀመሩ። በምን አወቅህ አትበሉኝ፤ ሰሞኑን የሚመጣው ደብዳቤ ሁሉ ስለ ሳይክል ሾክና ስለ ፎርክ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ስለሚይዘው ባለ ሁለት እግር ሾክ ነው። አራቱን መርጫለሁ። ሦስቱ ከድሬ፣ አንዷ ከሐረር። የመጀመሪያው መልስ ረዝሟል፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

«ሰላም ለአዘጋጁ። ድሬ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። 21 ዓመቴ ነው፣ ክብደቴ 58 ኪሎ። ያገለገለ የተራራ ሳይክል ገዝቻለሁ። ጎማው 27.5 ነው፣ ከኋላ ሾክ የለውም፣ የፊት ፎርኩ ሳንቱር ኤክስሲኤም፣ 100 ሚሊ። ችግሩ ፎርኩ ድንጋይ ነው። ከደንገጎ በታች ባሉት የእግር መንገዶች ስወርድ እጄ ይደነዝዛል። አንድ ሰው 160 ሚሊ የአየር ፎርክ ሊሸጥልኝ ነው፣ ይሄን ከሰካህበት ሳይክልህ ሌላ ሳይክል ይሆናል ብሎኛል። ልግዛ? አቦ ቶሎ መልሱልኝ፣ ሰውዬው ሌላ ገዢ አለኝ እያለ ነው።»
እጁ የደነዘዘ፣ ከሳቢያን

ወንድሜ፣ አትግዛ። ሌላ ገዢ ካለው ይሽጥለት።

ሰውዬው ግን አልዋሸህም። እውነትም ሌላ ሳይክል ይሆናል። ፍሬምህ የተሠራው 100 ሚሊ ለሚሰምጥ ፎርክ ነው፤ የመሪው አንገት ምን ያህል እንደሚጋደም፣ ፔዳሉ ከመሬት ስንት እንደሚርቅ፣ ሁሉም በዚያ ተሰልቷል። ፎርኩ በ20 ሚሊ ሲረዝም አንገቱ በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይጋደማል። በ60 ሚሊ ሲረዝም ወደ 3 ዲግሪ መሆኑ ነው። ዳገት ስትወጣ የፊት ጎማህ ይንሳፈፍብሃል፣ ቀስ ስትል መሪው በራሱ ወደ ጎን ይወድቃል፣ ኮርቻህም አፍንጫውን ሰቅሎ ይቀመጣል። ይሄ እንኳ ይለመዳል እንበል። የማይለመደው ሌላ ነው። ረጅም ፎርክ ማለት ረጅም ማንሻ ነው። ድንጋይ በመታህ ቁጥር የታችኛው ቱቦ ከመሪው ቱቦ ጋር የተበየደበትን ቦታ ይፈለቅቀዋል። ያ ብየዳ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ደግሞ አስቀድሞ አይነግርህም። 20 ሚሊ መጨመር ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፣ ማለትም እስከ 120። ከዚያ በላይ የፍሬሙ አምራች ራሱ ካልፈቀደ እኔ አልነካውም።

አሁን ወደ ደነዘዘው እጅህ እንምጣ።

ፎርኩ የማይረባ ነው ብለህ ደምድመሃል። እኔ ግን ከፎርኩ በፊት ጎማህን እጠረጥራለሁ። ስንት አየር አለው? አልጻፍክም። ማንም አይጽፍም። ጎሚስታ ጋ ሄደህ «ሙላልኝ» ብለህ ከሆነ 50 ወይም 60 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው) ሞልቶልሃል፤ ለእሱ ጥሩ ጎማ ማለት በአውራ ጣት ሲጫኑት እምቢ የሚል ጎማ ነው። አንተ 58 ኪሎ ነህ። ጎማህ 2.25 ስፋት ካለው ከፊት 25፣ ከኋላ 28 አካባቢ ሞልተህ ጀምር። ጠጠሩን የሚውጠው ጎማው ነው፣ ፎርኩ ለትልልቁ ድንጋይ ነው። ካላማዳሪ ስላለህ ግን ከዚህ ብዙም አትውረድ። ድንጋይ ጫፍ ላይ ስታርፍ ካላማዳሪው በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ እሾህ የሚበሳህ አንሶ።

ቀጥሎ ፎርኩ። አንተ ጋ ያለው አየር ሳይሆን ሞላ ነው፣ ፋብሪካው የከተተው ሞላ ደግሞ ለመካከለኛ ክብደት ሰው ነው። አንተ ቀላል ነህ። ለካው። በሚያብረቀርቀው ዘንግ ላይ ቀጭን ላስቲክ እሰርና እስከ ታች፣ እስከ ሲሉ፣ ማለትም ዘይትና አቧራ እስከሚያግደው ጎማ ድረስ አውርደው። ጓደኛህ ሳይክሉን ይያዝልህ። ቀስ ብለህ ውጣ፣ እንደምትነዳው ፔዳሉ ላይ ቁም፣ ሳትነጥር ውረድ። ላስቲኩ ስንት ሄደ? ከ100 ሚሊ ከ15 እስከ 20 መሄድ ነበረበት። ይሄንን ሳግ ይሉታል፣ ሰው ሲወጣበት የሚሰምጠው ልክ ማለት ነው። የሚጠቅመው ለምን መሰለህ? ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ ወደ ታች የሚዘረጋበት ትርፍ ቦታ እንዲኖረው። ያንተ 5 ሚሊ ብቻ ከሄደ ጎማው ጉድጓዱን አይከተልም፣ ዘሎት ማዶው ጠርዝ ላይ ይጋጫል፣ ግጭቱም ወደ መዳፍህ ይመጣል።

በግራው እግር አናት ላይ ያለውን ክብ ቁልፍ እስከ መጨረሻው አላላው። ትንሽ ይረዳል። ትንሽ ያልኩት ቁልፉ ሞላው ከየት እንደሚጀምር ይወስናል እንጂ ሞላውን ራሱን ስለማያለሰልሰው ነው፤ እዚህ ላይ የማይሳሳት የለም። ቀኝ እግሩ አናት ላይ መቆለፊያ ካለው ደግሞ መከፈቱን እይ። አትሳቅ። ተቆልፎ ወራት የተነዳ ፎርክ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ግሪሱ ነው። ያገለገለ ነው ብለሃል፣ የሸጠልህ ሰው ከፍቶ ያውቃል? ባለፈው የአንድ ልጅ ሳንቱር ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ስር ተቀምጠን ፈታን። ጎማና ፍሬን አወለቅን፣ ከታች ያሉትን ሁለት ብሎኖች ፈታን፣ የታችኛውን እግር ስንስበው አልወጣም አለ። ሁለታችን ግራና ቀኝ ጎትተን ነው ጷ ብሎ የወጣው። ውስጡ የነበረው ግሪስ ሳይሆን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። ቡናማ ሆኖ፣ ደርቆ፣ እንደ ሃልዋ የሚቆረስ። በጨርቅ ጠረግነው፣ አዲስ ግሪስ ቀባን፣ መለስነው። ልጁ መሪውን ሁለቴ ተጫነውና «ሌላ ፎርክ ሰካችሁልኝ እንዴ?» አለ። ወጪው የግሪስና የሁለት ሻይ ነበር።

ይሄን ሁሉ አድርገህ ካልረካህ የአየር ፎርክ ግዛ፣ አልቃወምም። ላንተ ዓይነት ቀላል ሰው አየር ትልቅ ነገር ነው፣ በፓምፕ ልክ በክብደትህ ታደርገዋለህ። 100 ወይም 120 ሚሊ ይሁን። ከመክፈልህ በፊት ግን ለካ። የማይለካ ሰው ምን እንደሚሆን ከራሴ ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት አንድ ከውጭ የመጣ ሰው ፎርክ ሸጠልኝ። ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ደስታዬ በዝቶ ሳልለካ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ከታች በኩል ወደ ፍሬሙ ሳስገባው አንገቱ፣ ማለትም ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው የፎርኩ ቱቦ፣ ገባ፣ ገባ፣ ገባ፣ መጨረሻ ላይ ቆመ። ለካ አንገቱ ወደ ታች እየወፈረ የሚሄደው ዓይነት ነው፣ ከላይ 1 1/8 ኢንች፣ ከታች 1 1/2። የኔ ፍሬም ደግሞ ከላይ እስከ ታች ጠባብ ነው። መዶሻ የሚያስተካክለው ነገር አይደለም። ስድስት ወር ግድግዳዬ ላይ ኮፍያ ሰቀልኩበት። በተቃራኒው ቢሆን፣ ማለትም ቀጭን አንገት በሰፊ ቱቦ፣ በማስተካከያ ቀለበት ይሆን ነበር።

አንገቱ በዚህ አያበቃም፣ ርዝመቱም አለ። ያገለገለ ፎርክ አንገቱ በድሮው ባለቤት ፍሬም ልክ ተቆርጧል፤ ያንተ ፍሬም ረጅም ከሆነ አይደርስም፣ ቀጥልልኝ የምትለውም አይደለም። ከዚያ የጎማው ዘንግ አለ። ያንተ ምናልባት በ9 ሚሊ ቀጭን ዘንግ የሚታሰር ነው። አዳዲሶቹ ፎርኮች 15 ሚሊ ዘንግ ነው የሚፈልጉት፣ የመሃሉ ስፋትም 100 ወይም 110 ሚሊ ይሆናል። ስለዚህ ፎርክ ገዛሁ ስትል የጎማ መሃል ገዛህ፣ የጎማ መሃል ስትገዛ ራጂ እንደገና አስገጠምክ፣ ብሩ እንዲህ ነው የሚያልቀው። የ27.5 ጎማ ፎርክ መሆኑንና የዲስክ ፍሬን መያዣው መግጠሙን ማየት አትርሳ።

ፎርኩን ስታይ የሚያብረቀርቀውን ዘንግ በጥፍርህ ከላይ እስከ ታች ዳስሰው። ጥፍርህ የሚይዘው ጭረት ሲሉ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ካለ ዘይት ያስተፋል። ቀለል ያለ ጭረት ከሆነ ሻካራውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በጥፍር ቀለም መሙላት ያስኬዳል፣ ቀልዴን አይደለም፣ እህትህን ጠይቅ። ሳይክል ላይ ከተገጠመ የፊት ፍሬኑን ይዘህ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው፤ ቋ ቋ ካለ ወይ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል ወይ የፎርኩ ውስጥ ተበልቷል። የሁለተኛው ጥገና ውድ ነው። ስሙን በስቲከሩ አትመን፣ ስቲከር ማንም ያትማል። የሮክሾክስ ፎርክ ሲሪያል ቁጥር አለው፣ ፎክስ ደግሞ የታችኛው እግር ላይ አራት ፊደልና ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይለጥፋል። በሁለቱም አምራቾች ድረ ገጽ ሲገባ የስንት ዓመትና ምን ዓይነት እንደሆነ ያወጣዋል። ሻጩ ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ለመላክ ካንገራገረ ነገሩ አልቋል።

«እንደምን ሰነበታችሁ? ከሐረር ነው፣ መምህርት ነኝ። አጎቴ ከውጭ ሲመጣ የራሱን ሳይክል ትቶልኝ ሄደ። ጎማው 29፣ ከፊትም ከኋላም የአየር ሾክ፣ 130 ሚሊ። እሱ 95 ኪሎ ነው፣ እኔ 62። ጠዋት ጠዋት በጀጎል በኩል አልፌ ወደ ሐኪም ተራራ እወጣለሁ። የድንጋዩ ንጣፍ ላይ መጀመሪያ ደህና ነው፣ ትንሽ እንደሄድኩ ግን እየጠነከረ ይመጣና ያንገጫግጨኛል። አጎቴ የሾክ ፓምፕም ትቶልኛል። ስሰካው አየሩ ከትናንቱ ቀንሷል፣ ስነቅለው ጭስስ ይላል። ሾኩ ይተነፍሳል ማለት ነው? ልቀይረው? ሌላም አለ፣ ቅዳሜ ድሬ ዘመድ ጋ በመኪና ይዤው ስወርድ እዚያ ይብስበታል።»
የአጎቷ ወራሽ፣ ከሐረር

እህቴ፣ ምንም እንዳይቀይሩ። እጅዎ ላይ ያለው ደህና ሾክ ነው፣ ገና የአጎትዎ ስለሆነ ነው እንጂ።

ከጭስታው ልጀምር። ፓምፑን ሲሰኩ ከሾኩ የወጣ አየር ባዶውን የፓምፕ ቱቦ ይሞላል። ሾኩ ደግሞ ትንሽ ዕቃ ነው፣ በቱቦው የሚሄደው አየር እንኳ ይታወቅበታል፤ ስለዚህ መርፌው ከትናንቱ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ሲነቅሉት የሚጮኸው ቱቦው ውስጥ የቀረው አየር ነው፣ የሾኩ አይደለም። በየቀኑ እየሰኩ «ቀነሰ» ካሉ ግን የሚቀንሱት ራስዎ ነዎት። ቢጠረጥሩ ላስቲኩን ይጠቀሙ፣ ከላይ ለሳቢያኑ ልጅ እንዳልኩት። ሰሞኑንም በፊትም እኩል የሚሰምጥ ከሆነ አይተነፍስም።

አሁን ዋናው። 95 ኪሎ ሰው የሞላውን አየር 62 ኪሎ ሰው አይጫነውም። ለኋላው ሾክ መነሻ የሚሆን ቀላል መላ አለ፣ ክብደትዎን በፓውንድ ያህል ፒኤስአይ መሙላት። 62 ኪሎ ወደ 137 ፓውንድ ነው፣ ስለዚህ በ137 ይጀምሩ። ከፍሬም ፍሬም ስለሚለያይ መነሻ ብቻ ነው፣ ዳኛው ሳጉ ነው። ኋላ ላይ ከ25 እስከ 30 በመቶ እንዲሰምጥ ይፈለጋል። የሾኩ ዘንግ 50 ሚሊ የሚሄድ ከሆነ ከ12 እስከ 15 ሚሊ ማለት ነው። እዚህ የሚለካው በሾኩ ዘንግ ነው፣ በ130ው አይደለም። አየር በቀየሩ ቁጥር ፓምፑን ነቅለው ኮርቻውን አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይጫኑት፤ ውስጡ ሁለት የአየር ክፍል አለ፣ እኩል ካልሆኑ ልኩ ያታልልዎታል። ጎሚስታ ኮምፕረሰር ደግሞ በፍጹም አያስጠጉት።

ታዲያ እየሄዱ ለምን ይጠነክራል? እዚህ ላይ ነው ያነበብኩትን ደብዳቤ የወደድኩት። ያስተዋሉት ትክክል ነው። ሾኩ ላይ ቀይ ቁልፍ አለ፣ ሪባውንድ ይባላል፣ ሾኩ ከተጫነ በኋላ በምን ፍጥነት እንደሚመለስ የሚወስነው እሱ ነው። አጎትዎ ብዙ አየር ስለሞሉ በኃይል እንዳይፈናጠር ቁልፉን አጥብቀው አዘግይተውታል። ለእሳቸው ልክ ነው። እርስዎ ሲነዱት ግን የመጀመሪያው ድንጋይ ይጫነዋል፣ ተመልሶ ሳይጨርስ ሁለተኛው ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው። ሾኩ በየድንጋዩ ትንሽ ትንሽ እየሰመጠ ይቀራል። የጀጎል ንጣፍ እንደሆነ ለድንጋይ አይታማም። ሃያ ሜትር እንደሄዱ ሾኩ ሊሰምጥበት የቀረው ቦታ ጥቂት ነው፣ እሱም ጠንካራው ክፍል ነው። አየሩን ሲቀንሱ ሞላ ሆኖ የሚገፋው ጉልበት ስለሚቀንስ መመለሱ ይባሱን ይዘገያል፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ነው የሚስተካከሉት። ቁልፉን እስከ መጨረሻው አጥብቀው፣ ወደ ኋላ ቀጭ ቀጭ ሲል እየቆጠሩ እስከ መሃል ያላሉት። ከዚያ ኮርቻ ላይ እንደተቀመጡ ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ቀስ ብለው ይውረዱ። ሾኩ ወርዶ፣ አንዴ ብቻ ከፍ ብሎ፣ መቆም አለበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከነጠረ አንድ ቀጭ ያጥብቁ። እንደ ደከመው ሰው ተንቀራፎ ከተነሳ ያላሉ። ቁጥሩን ደብተርዎ ላይ ይጻፉት፣ መምህርት ነዎት ይሄ አይከብድዎትም። የፊቱንም እንደዚሁ፣ እዚያ ሳጉ ከ15 እስከ 20 በመቶ ነው። መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ጋ ሲደርሱ ግን ወርደው ይግፉ፣ ልብስ ሰፊዎቹም ገበያተኛውም የእርስዎ ሪባውንድ ግድ የላቸውም።

ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ ትልቅ ድንጋይ ላይ እንኳ ላስቲኩ ጫፍ የማይደርስ ከሆነ፣ አጎትዎ በአየር ክፍሉ ውስጥ የፕላስቲክ ቁራጭ ጨምረው ይሆናል። ከባድ ሰው ሾኩ መጨረሻው ድረስ ሄዶ እንዳይጋጭበት ይጨምረዋል። አንዱን ማስወጣት ነው፣ አየሩን ሙሉ በሙሉ ካስተነፈሱ በኋላ።

ድሬ ላይ ይብሳል ያሉትም እውነት ነው፣ ምክንያቱ ሙቀቱ ነው። አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል። ሐረር ጠዋት በ15 ዲግሪ ፎርኩን 70 ሞልተው ድሬ ቀትር ላይ በ33 ዲግሪ ቢለኩት 74 አካባቢ ይሆናል። ከፍታውም ያግዛል ያከብዳል የሚሉ አሉ፤ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬ 1,200 ገደማ ናት፣ ሲወርዱ የውጪው አየር ስለሚከብድ ፓምፑ ላይ የሚታየው በ1 ፒኤስአይ ያህል ዝቅ ይላል። ያንን ቀንሼ ነው 74 ያልኩት። ሳይክሉ መኪና ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው ከቆየ ደግሞ ሌላ ነው። ድሬ ደርሰው ጥላ ስር ግማሽ ሰዓት አቆይተው ይለኩት፣ ጥቂት ያስተንፍሱት፣ ሐረር ሲመለሱ ይሙሉት።

አንድ ቀን የኋላውን ሾክ የምር መቀየር ካስፈለገ ሁለት ቁጥር ይዘው ይሂዱ፣ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለው ርዝመትና ዘንጉ የሚሄደው ልክ። 210 በ50 ወይም 190 በ45 እየተባለ ይጻፋል። «ትንሽ ረዘም ያለ ይሻላል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት እምቢ ይበሉ፣ ሾኩ ሲጨመቅ የኋላ ጎማው ፍሬሙን ሊመታ ይችላል።

«ለ13 ዓመት ልጄ ሳይክል ልገዛ ነው። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ከፊትም ከኋላም ሾክ ያለው አዲስ አየሁ፣ ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ልጁ እሱን ካልሆነ ብሏል። ምን ትላለህ?»
አባት፣ ከለገሃሬ

ለልጅዎ እኔ ላይ ያላክኩ፣ እኔ ነኝ አትግዛለት ያልኩት።

በርካሽ ሳይክል ላይ የተሰካ የኋላ ሾክ ብዙ ጊዜ ባዶ ሞላ ነው፣ መመለሱን የሚያዘገይ ዘይት ውስጡ የለም። ልጁ ፔዳል ሲረግጥ ጉልበቱ ግማሹ ሞላ ሲያነጥር ይውላል። ሳይክሉም ከባድ ነው፣ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ኩሽኔታ ሳይሆን ፕላስቲክ ስለሚገባ በአንድ ክረምት ይላላሉ። በዚያው ብር የኋላ ሾክ የሌለው፣ ፍሬኑ ደህና የሆነ፣ ፍሬሙ በቁመቱ ልክ የሆነ ይግዙለት። ያየውን ሳይክል ኮርቻ ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቅነቅ ያድርጉት እስቲ፣ አዲስ ሆኖ ቋ ካለ ልጁም ያምንዎታል።

«ሰላም። መጋላ ነው የምሠራው፣ ባጃጅና ሞተር እጠግናለሁ፣ 20 ዓመት ሆነኝ። አሁን አሁን ልጆች የሳይክል ፎርክ ይዘው እየመጡ ዘይቱን ቀይርልን ይላሉ። የሞተሩን ያህል ነው የምሞላው? የቱን ዘይት? አንዱ ደግሞ አቧራ እንዳይዝ እያለ ዘንጉን ናፍጣ ይቀባል፣ ተው ብለው አይሰማም።»
ባለ ጋራዡ፣ ከመጋላ

ጋሼ፣ እርስዎ ሞተር ከፈቱ ይሄ አይከብድዎትም፣ ግን ሁለት ቦታ ላይ ሞተር መስሎ ያሳስታል።

አንደኛው መጠኑ ነው። የሞተር ፎርክ ብዙውን ጊዜ በየእግሩ ብዙ ዘይት ይይዛል፣ ዘይቱ ያለሰልሳልም ያዘገያልም። የሳይክል ፎርክ ግን ሁለቱን ሥራ ለያይቷቸዋል። አንዱ እግር ውስጥ የተዘጋ ዕቃ አለ፣ ዳምፐር ነው፣ ቀጭን የሾክ ዘይት ውስጡ አለ፣ የማዘግየት ሥራው የሱ ነው። ከታች በየእግሩ የሚገባው ዘይት ግን ለማለስለሻ ብቻ ነው። መጠኑ እንደ ፎርኩ ቢለያይም ብዙዎቹ ላይ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ በመርፌ ሲሪንጅ ይለካል። ልጆቹ «ቀይርልን» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይሄንኛውን ነው። እንደ ሞተር ሞልተው ቢዘጉት ዘይቱ ቦታ ስለሚይዝ ፎርኩ መጨረሻው ድረስ መሄድ ያቅተዋል፣ ሲሉንም ይገፋዋል።

ሁለተኛው አየሩ ነው። የአየር ፎርክ ከሆነ ምንም ብሎን ሳይነኩ መጀመሪያ የፒኤስአይ ቁጥሩን ይጻፉ፣ ከዚያ አየሩን ጨርሰው ያስወጡ። አየር እንዳለው የተፈታ ፎርክ ፊት ላይ ይመጣል። ከዚያ በኋላ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ላይ ከታች ያሉትን ብሎኖች ሦስት አራት ዙር አላልተው በፕላስቲክ መዶሻ ጠቅ ጠቅ ያደርጓቸዋል፣ ውስጥ ያለው ዘንግ ሲለቅ ይታወቅዎታል፣ እግሩን ስበው ያወጣሉ። ከሲሉ ስር የስፖንጅ ቀለበት አለ፣ እሱን አጥበው አዲስ ዘይት ያጠጡት። ሲሉን የሚቀይሩ ከሆነ በመዶሻ ጎን ለጎን አይምቱት፤ ልኩ የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ቁራጭ ደፍተውበት እኩል ይግፉት። ሲመልሱ እጅዎን ይቆጥቡ። የባጃጅ እጅ እዚህ አይሠራም፤ የታችኛው እግር ብዙ ጊዜ ማግኒዚየም ነው፣ እንደ ሮክሾክስ ያሉት ብሎናቸው ወደ 7 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠብቀው።

ይሄ ሥራ በስንት ጊዜ ይደገማል ብለው ይጠይቁዎታል። ሮክሾክስ ለታችኛው እግር 50 ሰዓት ይላል። በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሰዓት ተኩል የሚነዳ ልጅ በ11 ሳምንት ይደርሳል። ደቻቱ አሸዋ ውስጥ የሚውል ከሆነ እኔ በ8 ሳምንት እከፍተዋለሁ። በመሃል ሳይክሉን ማታ ገልብጦ ማሳደር ጥሩ ነው፣ ዘይቱ ወርዶ ስፖንጁን ያጠጣዋል።

ናፍጣ ለሚቀባው ልጅ፦ ናፍጣ የሲሉን ጎማ ያበላሻል፣ የቀረውን ግሪስ ያጥባል፣ አቧራውን ደግሞ ይጠራል። ከነዳ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ይዞ ዘንጉን ከሲሉ በላይ ዞሮ መጥረግ ብቻ ነው። መኪና እጥበት ቤት በግፊት ውሃ ሲሉ ላይ ማስረጨትም ክልክል ነው በሉት። ካልሰማዎት በሚቀጥለው ሲመጣ ሲሉን አውጥተው በጣቱ እንዲጫነው ያድርጉ።

ፈቃድዎ ከሆነ ደግሞ የእርስዎን አድራሻ ለሳቢያኑ ልጅ ልሰጠው ነው። ፎርኩ ሳንቱር ነው፣ ሞላ ነው፣ የሚያስተነፍሱት አየር የለውም፣ ዘይት ሳይሆን ግሪስ ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከሱ የሚቀል አያገኙም።